ያረረው የእርቅ ወጥ

ገቢው የቀነሰበት ሰው ወጪውን እንደ ድሮው ሲያበዛ፣ በዚያ ደጋ መንደር ለምን ስለ ሽንኩርት ይነገረዋል? አባባሉን ሁሉም ያውቀዋል፤ መነሻው እውነት ይሁን ጨዋታ ግን ቁርጡን የሚናገር አልተገኘም። ሲወራ የኖረው እንዲህ ነው።

እመት ውዴነሽ የታወቁ የሠርግ ወጥ ሠሪ ነበሩ። አንድ ልጃቸው ብሊሁ በወሰን ጠብ የጎረቤቱን ክንድ ሰብሮ፣ በቀል ፈርቶ ቆላ ወረደ። ሽማግሌ ገባ፤ ካሣው ተከፈለ፤ አንድ ነገር ብቻ ቀረ። የተጎጂው ወገን በበዳዩ ቤት ማዕድ ካልቆረሰ እርቁ አይጸናም፤ ብሊሁም አይመለስም።

በቀጠሮው ቀን እመት ውዴነሽ ለአርባ ሰው የሚበቃ ሽንኩርት አስከትፈው፣ የድግሱን ድስት ጥደው፣ ማገዶውን ከሥሩ አንድደው ሳለ አስታራቂው አባ ጥሩነህ መጡ።

«ውዴነሽ፣ የሚመጡት ሰባት ናቸው።»

«ሌሎቹስ?»

«ዝም አሉ።»

እመት ውዴነሽ ወደ ድስታቸው ዞሩ። የቀሩት ልባቸው አልታረቀ ይሆን? ሰባቱስ ለመብላት ነው የሚመጡት ወይስ ለማየት? እንዲህ እያሰቡ ሽንኩርቱን ቀነሱ፤ በርበሬውን ቀነሱ፤ ቅቤውንም በዚያው ልክ ቀነሱ።

ጎረቤታቸው ደብሪቱ ድስቱን አየችና ሳቀች። «እትዬ፣ ለሰባት ሰው ይሄ ሁሉ ድስት? ሰዎቹንም አብረው ሊቀቅሏቸው ነው?»

«አፍሽን ያዢና አማስዪ! እጄ የለመደው ድስት ነው።»

አማስዪ ይበሉ እንጂ ማማሰያውን አልለቀቁላትም። አንዴ ያማስላሉ፣ አንዴ ወጥተው መንገዱን ያያሉ። ያቺ እፍኝ ሽንኩርት በሰፊው ድስት ወለል ላይ እንደ ስጥ ተበትና፣ ለአርባ ሰው የተማገደው እሳት ከሥር ይንቦገቦጋል።

«እትዬ፣ ሸተተኝ!»

ሮጠው ገቡ። ውሃ ቸለሱበት። ያረረው ግን ከመረቁ ጋር ተዋሕዷል። ደግመው እንዳያቁላሉ እንግዶቹ ደጅ ደርሰዋል። ቅቤ ጨመሩ፤ መከለሻ ነሰነሱ፤ አቀረቡ።

የተጎጂው አባት አያ ወንድይፍራው ቆርሰው አጠቀሱ፤ ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ ሽታው ቀደማቸው። ጉርሻውን መልሰው አኖሩት።

«ሌላ ሴት ብትሆን እጇ ከዳት እል ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «አገር የሚያጎርሱት እመት ውዴነሽ ግን ለእኛ ሲሆን ያሳርራሉ?»

«በልጄ እምላለሁ፣ አላወቅሁትም!»

«እንግዲህ እጃችንን እንታጠብ።»

ሰባቱም ሳይቀምሱ ወጡ።

በማግስቱ እመት ውዴነሽ ደብሪቱን ላኩ፦ «ስህተት ነው፣ ንቀት አይደለም። እባካችሁ ኑ፣ እንደገና ላብላችሁ በያቸው።» መልስ አልመጣም። ክረምቱ ገባ፣ ወጣም። ብሊሁ እዚያው ቆላ ነው። ሴትዮዋ ውሻ በጮኸ ቁጥር ወደ ደጅ ይወጣሉ።

አባ ጥሩነህ ሊጠይቋቸው በመጡ ጊዜ እመት ውዴነሽ እንባቸው ቀደመ። «አባ፣ ለሰባት ሰው የሚሆነውን አላጣሁትም። በርበሬውን በልኩ፣ ቅቤውን በልኩ አድርጌ ነበር። ምኑን ሳትሁት?»

ሽማግሌው በመቋሚያቸው ወደ ምድጃው አመለከቱና፣ «ልጄ፣ ሽንኩርት የቀነሰ እሳትም ይቀንስ» አሉ።