ወደ ማዶ የተገፋው እምቦጭ

አንድ ባለታንኳ በሐይቅ ዳር ይኖር ነበር። ስሙ ቢያድግልኝ ነው። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቷል። አዋላጇ እትዬ ጠጂቱ የምትኖረው ከሐይቁ ማዶ ነው። በእግር ዞሮ መሄድ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል።

በዚያ ክረምት ሐምራዊ አበባ ያለው ተክል በውሃው ላይ ተንሳፍፎ መጣ። ሰው ሁሉ «እንዴት ያምራል!» አለ። አንድ ሽማግሌ ግን አንዱን አንስተው አገላበጡት። አንገቱ እንደ ቅል አብጧል፤ ሥሩ እንደ ጸጉር ተንዠርግጓል።

«እምቦጭ ነው» አሉ። «ከቆረጣችሁት ይበዛል። ከነሥሩ ንቀሉት። ከውሃው አርቃችሁ አድርቁት፣ ከዚያ አቃጥሉት።»

ቢያድግልኝ ይህ ሁሉ ሥራ በዛበት። ነፋሱ ወደ ማዶ ሲነፍስ እየጠበቀ በመቅዘፊያው ይገፋው ጀመር። ብዙም ሳይቆይ የእሱ ዳር ጠራ።

ገበያ ላይ ጠጂቱ አገኘችው።

«አንተ! አረምህን የምትልክልን ጥሎሽ መስሎህ ነው?»

«እኔ ምን አደረግሁ እትዬ? ነፋሱን ይክሰሱት!» ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

አንድ ጠዋት ምጥ መጣ። ቢያድግልኝ አዋላጇን ሊያመጣ ቀዘፈ። መሀሉን በሰላም አለፈ። ወደ ማዶ ሲቃረብ ታንኳው እምቦጩ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ቢገፋው አይሄድም። ቢመልሰው አይመለስም። ዘሎ እንዳይወርድ ውሃው ጥልቅ ነው፤ ሥሩም እግር ያስራል። ጠጂቱ ዳር ላይ ቆማ አያት።

«እትዬ! ምጥ ይዟታል፣ ድረሱልኝ!»

«በምን ልምጣ? መንገዱን አንተው ዘጋኸው እኮ!»

ግን ቆማ አልቀረችም። ጎረቤት ጠርታ እስከ ወገቧ ውሃው ውስጥ ገባች። እነሱ ከዳር፣ እሱ ከታንኳው ሆነው በእጃቸው እየነቀሉ ወደ ዳር ወረወሩ። መንገዱ ሲከፈት ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር።

ጠጂቱ ተሻግራ ደረሰች፤ እናቲቱ ተረፈች። ሕፃኑ ግን አልጠበቀም።

ከቀብሩ ማግስት ቢያድግልኝ ታንኳውን አወጣ። ማዶ ወረደና ከጠጂቱ ደጅ ጀምሮ እምቦጩን ከነሥሩ ይነቅል ገባ። ጠጂቱ አየችው። ቀሚሷን ሰብስባ አጠገቡ ገባች።

ከደጃችን የገፋነው ክፉ ነገር አይጠፋም። ሄዶ የሚተኛው በጨነቀን ቀን በምንሮጥበት መንገድ ላይ ነው።

እናንተስ የገፋችሁት ዛሬ ማን ደጅ ላይ ነው?