ላቀችና የጎረቤት በሬ

እስቲ ዝም በሉና ልንገራችሁ። መሀል ላይ «ከዚያስ?» እያለ የሚያቋርጠኝ ካለ ትቼው እተኛለሁ፤ ኋላ እንዳትቀየሙኝ።

ዘመኑ ሩቅ ነው። የሾላ ምንጭ ቤተ ክርስቲያን ገና የሣር ክዳን ነበረው፤ የእኔም አያት ገና ጡት አልጣለችም ነበር። ያን ጊዜ በዚህች መንደር ላቀች የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባታል። ያላት አንድ ቁራጭ መሬት፣ እንዬ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅና ዳልቻ የሚባል አንድ በሬ ነው። በቃ።

አንድ በሬ ብቻውን አያርስም፤ ይህን ለእናንተ ለከተሜዎቹ ነው የምናገረው። ጎረቤቷ አያ ጓንጉልም እንደሷ ባለ አንድ በሬ ነበር፤ የሱ በሬ ቦራ ይባላል። ስለዚህ ተቀናጁ። ዳልቻና ቦራ ባንድ ቀንበር ይጠመዳሉ፤ ጓንጉል የራሱንም የሷንም መሬት ያርሳል። በጋውን ደግሞ ሁለቱም በሬዎች አንድ ዓመት እሱ ቤት፣ አንድ ዓመት እሷ ቤት ይቀለባሉ።

ተራው የላቀች በሆነበት ዓመት ክረምቱ ሳይዘንብ አለፈ። አያ ጓንጉል ቤተሰቡን ይዞ እህል ፍለጋ ቆላ ወረደ። ሲሄድ በሬዎቹን አመጣላትና «አደራ፣ ላቀች» አላት። ሌላ ነገር አልተናገረም። ላቀች የሁለቱንም ጎን በእጇ ዳሰሰች፤ ገመዳቸውን ተቀበለች።

መጀመሪያ የፈተናት ጭድ ነው። ያላት ክምር ላንድ በሬ ቢበቃ ነው። ጠዋት ጠዋት የምትችለውን ታቅፋ ትመጣለች። መጀመሪያ ለቦራ፣ ከዚያ ለዳልቻ። ዳልቻ እጅ እጇን እያየ ይጠብቃል፤ የሚደርሰው ግን ጥቂት ነው። በማግስቱም መጀመሪያ ለቦራ፣ ከዚያ ለዳልቻ። እንዲህ እያለች ጭዱ አለቀ።

ቤት ውስጥም እህል አለቀ። እንዬ ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ ብቻ ጠጥታ ተኛች። ይህን የሰማ ደምሌ፣ የላቀች ወንድም፣ ከወንዝ ማዶ መጣ። ልጅቷን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። ቢላዋውን ከአፎቱ መዘዘ።

«ቦራን እንረደው» አላት። «ገደል ገባ ትያለሽ። ዘንድሮ ስንት ከብት ገደል ገብቷል፤ አንቺን ማን ይጠይቅሻል?»

እውነቱን ነው። ማንም አይጠይቃትም። በዚያ ዓመት ለሞተ በሬ ሰው ከሰው አይካሰስም ነበር። ላቀች ልጇን አየች፣ ቦራን አየች። ዳልቻን ልረድ ብትል ሥጋው ስንት ቀን ይበላል? ከዚያ ወዲያ መሬቷ ጦም ያድራል፤ እሷና ልጇ የሰው ደጅ ይጠናሉ።

«ልጄን ውሰዳት» አለችው። «ካንተ ልጆች ጋር የተገኘውን ትቅመስ። ቢላዋውን ግን ተውልኝ።»

ደምሌ ተቆጣ፤ ቢሆንም ልጅቷን አዝሎ ሄደ። እንዬ ከጀርባው ላይ ሆና እስክትሰወር ድረስ ወደ እናቷ ዞራ ታይ ነበር። ላቀች አለቀሰች። ሲወጣላት ጣሪያዋ ላይ ወጣች፤ በቢላዋው ማሰሪያውን እየቆረጠች የክዳኑን ሣር አወረደች። ጭስ የጠጣ አሮጌ ሣር ነው። በጨው ውሃ እያራሰች አቀረበችላቸው። መጀመሪያ ለቦራ፣ ከዚያ ለዳልቻ።

የባሰው ገና ነው። ዝናብ መጣ። ደስ ይላል አይደል? አይልም። በረሃብ የደከመን ከብት የሚጥለው የመጀመሪያው ዝናብ ብርድ ነው። አንድ ጠዋት፣ እዚያ ክዳን የሌለው ቤት ውስጥ፣ ሁለቱም በሬዎች ወደቁ። የወደቀ በሬ ካላነሱት በዚያው ይቀራል። ለማንሳት ደግሞ አራት ሰው ይፈልጋል። ላቀች ተጣራች። ሁሉም በየቤቱ የራሱን ከብት ያነሳል፤ ማንም አልመጣላትም።

በሩን ነቀለች። ከቦራ ሆድ ሥር አስገብታ በትከሻዋ ገፋች። እንዴት እንዳነሳችው እኔ አላውቅም፤ የነገረችኝ አያቴም አታውቅም። ብቻ ተነሳ። እግሮቹ ይብረከረካሉ፤ ከለቀቀችው ይወድቃል። ዳልቻ እዚያው አጠገቧ ተኝቶ ያያታል።

«ጠብቀኝ፣ ዳልቻዬ» ትለዋለች። «ትንሽ ጠብቀኝ።»

ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ እስክትወጣ ቦራን ደግፋ ቆመች። በራሱ እግር መቆም ሲችል ለቀቀችውና ዞረች። የዳልቻ ዓይን እንደተከፈተ ነው፤ ትንፋሽ ግን የለውም።

በሳምንቱ አያ ጓንጉል ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር በሬውን ሊረከብ መጣ። ክዳን የሌለውን ቤት አየ። ቦራ ደጅ ቆሞ ያመሰኳል። አጥሩ ላይ የዳልቻ ቆዳ ተወጥሯል። ሰውየው እጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ሽማግሌዎቹ የደከመው መስሏቸው ሊያነሱት ሲሉ እጃቸውን ገፋ።

«አምና ተራው የእኔ ነበር» አለ። «መጀመሪያ ለቦራ እሰጥ ነበር። ዳልቻ የተረፈውን ነው ሲበላ የከረመው። ከስቶ የመጣልሽ በእኔ ነው።»

«አውቃለሁ፣ አያ ጓንጉል» አለችው ላቀች። «የተረከብኩት ቀን ጎኑን ዳስሼዋለሁ።»

ጓንጉል ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ያን ዓመት ከዘመዱ በሬ ለምኖ ከቦራ ጋር ጠመደ፤ የራሱን መሬት ከመንካቱ በፊት የላቀችን አረሰ። እስኪሞት ድረስ እንደዚያው አደረገ። መንደሩም ቤቷን ከደነላት፤ እንዬም ወደ እናቷ ተመለሰች።

ዛሬም በሾላ ምንጭ የተቀናጀ ሰው ከእርሻ ሲገባ የመጀመሪያዋን እቅፍ ጭድ ለጎረቤቱ በሬ ነው የሚሰጥ። «የላቀች» ይላል፤ ከዚያ ለራሱ በሬ ያቀርባል። መቃብሯን የሚያውቅ ሰው የለም። እኔ ራሴ ባለፈው ሰሞን ደክሞኝ ገባሁና ጭዱን አስቀድሜ ለራሴ በሬ ጣልኩለት። የልጅ ልጄ ደጃፉ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«አባባ፣ የላቀችስ?» አለችኝ።

በዚህ ዕድሜዬ አፈርኩ። ጭዱን ከበሬዬ አፍ ሥር አነሳሁት።