የፊታውራሪ ካባና የማሽላው ወፍ
አንድ ሥራ ፈላጊ ከፊታውራሪ አንዳርጌ ደጅ ደርሶ እጅ ነሣ።

«ለእርሻውም ለአረሙም ሰው ሞልቷል» አሉት ካባቸውን እያስተካከሉ። «የቀረው የማሽላ ጥበቃ ነው። አንዲት ፍሬ ወፍ ቢበላብኝ ያለ ደመወዝ ትባረራለህ። ደግሞ ጩኸትም ሆነ የጅራፍ ድምፅ እንዳልሰማ፤ እኔ ቀን እተኛለሁ።»

ሎሌዎቹ ሳቁ። ሳይጮህ ወፍ የጠበቀ ሰው ታይቶ አይታወቅማ!

ሰውየው ግን «እሺ ጌታዬ፣ ካባዎን ብቻ ያውሱኝ» አለ።

«ካባዬን ምን ልታደርገው?»

«ለእንጨት አልብሼ ማሽላው መሀል አቆመዋለሁ። አገሬው እንኳ እሱን ሲያይ እህሉን ጥሎ ይሸሽ የለም?»

ፊታውራሪ መፈራታቸው ደስ አላቸው፤ ግን ደግሞ ጠረጠሩ። «ወፎቹ ውስጡ እንጨት ብቻ መሆኑን ቢያውቁብህስ?»

«ኧረ አያውቁም ጌታዬ! አገሬው ይኼን ሁሉ ዘመን መች ዐወቀ?»