አሥራ ሁለተኛዋ መስመር

ስም ዝርዝር ሲነበብ፣ ስማቸው ያልተጠራ ሰዎች የት ነው የሚያዩት?

ሶስና ይህን ጥያቄ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ይዛው ኖራለች። ያኔ በእረፍት ሰዓት ሁለት አምበሎች ፊት ለፊት ቆመው "አንቺ ወደኔ፣ አንቺ ወደኔ" እያሉ ሲመርጡ፣ እሷ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ትቀር ነበር። የተጠራችው የጠራቻትን ታያለች። የጠራችው ቀጥሎ የምትጠራትን ታያለች። ያልተጠራችውስ? ሶስና ራሷ የት ታይ እንደነበር አታስታውስም። መጽሐፍ ውስጥ ፈለገችው፤ አላገኘችውም። ብዙ ደግሞ አንብባለች፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ አራት ዓመት ታሪክ ተምራ፣ አሁን በአንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሰው አንብቦ የመለሳቸውን መጻሕፍት ወደየመደርደሪያቸው ትመልሳለች።

እንዲህ ያለችውን ልጅ ራግቢ የሚሉት የግፊያና የኳስ ጨዋታ ውስጥ ምን አስገባት? አንድ ቅዳሜ በጃን ሜዳ በኩል ስታልፍ፣ ሴቶች ሦስት ሦስት ሆነው፣ ትከሻ ለትከሻ ተቆላልፈው፣ አጎንብሰው ሲገፋፉ አየች። እሷ ግፊያውን ልብ አላለችውም። ያየችው ክንዶቹን ነው፤ አንዷ የሌላዋን ማልያ ጭምድድ አድርጋ ይዛለች። እንዲህ አጥብቆ የሚይዛት ሰው ኖሮ አያውቅም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስሟን አስመዘገበች።

ይኸው ሁለት ዓመት ከስድስት ወር ሆናት። ተጠባባቂ ናት።

እንግዲህ የፈለገችው ነገር ትንሽ ነበር፤ አንዲት መስመር። የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ባሕር ተሻግሮ፣ ማዳጋስካር፣ ለሦስት ሳምንት ሊጫወት ነው። የሚሄዱት አሥራ ሁለት ናቸው። አሠልጣኝ ገዛኸኝ አሥራ አንድ ስም ጽፏል። አሥራ ሁለተኛዋ መስመር ባዶ ናት።

በዚያ ወር ሰው ደህና አልዋለም። የአንዷ ትከሻ ተሰንጥቋል፣ የሌላዋ ቁርጭምጭሚት እንደ ድንች አብጧል፣ የሁለቱ ጣት ወልቋል። ከተጠባባቂዎቹ ምንም ያልሆነችው ሶስና ብቻ ናት።

"አንቺማ የቡፌ ብርጭቆ ነሽ" አለቻት ክንዷን በፋሻ ያንጠለጠለችው ፈትለወርቅ። "ማን አውጥቶሽ ትሰበሪያለሽ?"

ሁሉም ሳቁ። ሶስናም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከሁሉም በኋላ ጀምሮ ከሁሉም በፊት አለቀ።

ዓርብ ዕለት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ እንደምንም ብላ ወደ አሠልጣኙ ጠጋ አለች።

"ጋሼ፣ አሥራ ሁለተኛዋ ለማን ናት?"

"ምን አልሽ?"

"አሥራ ሁለተኛዋ... ለማን ናት?"

"ለትርንጎ ናት፤ ጉልበቷ እሺ ካላት። እምቢ ካላት ያው አንቺ አለሽ" አለ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል። "የኔን ነገር ታውቂዋለሽ፤ የጻፍኩትን ስም አልሰርዝም።"

ይህንን ሁሉም ያውቃል። ከብዙ ዓመት በፊት የአንዲት ልጅ ስም ጽፎ ሰረዘ። ልጅቱ ወረቀቱን አየችው፤ ከዚያ ወዲያ ሜዳ አልመጣችም። ገዛኸኝም ከዚያ ወዲህ የሚጽፈው አንዴ ነው፣ በእስክሪብቶ፣ ቁርጡን ሲያውቅ።

"ሂጂና ቁርጡን አምጪልኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይላካል። እስከዚያ ካልሰማሁ ያለችውን እጽፋለሁ።"

ያለችው እሷ ናት። ቁርጡ ቢዘገይ የምትጠቀመዋን እየላከ እንደሆነ ግን ልብ አላለም።

ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ፣ ጉልበቱ ቁርጡን ካልተናገረ እስክሪብቶው አይጽፍም። እስክሪብቶው ካልጻፈ፣ አሥራ ሁለተኛዋ መስመር ባዶዋን ትቀራለች።

አምበሏ ትርንጎ ከሜዳው ዳር ደረጃ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ጉልበቷ በፋሻ ተጠቅልሎ ከጭኗ ወፍሯል።

"ሐኪሙ ምን አለሽ?"

"ሦስት ሳምንት ተቀመጪ አለኝ። ፎቶ አንሥቶ። ፎቶ ይሮጣል እንዴ?"

"ታዲያ ለጋሼ ምን ልበለው?"

"ድንበሩ ሳይነካኝ እሺም አልልም፣ እምቢም አልልም። የዚህን ጉልበት ነገር ከኔና ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሮጥ ብለሽ ጥሪልኝ፣ አንቺ እንኳ እግር አለሽ።"

ድንበሩ የቡድኑ ወጌሻ ነው። ወጌሻው ካልመጣ፣ ጉልበቱ ቁርጡን አይናገርም። ጉልበቱ ካልተናገረ፣ እስክሪብቶው አይጽፍም። እስክሪብቶው ካልጻፈ፣ አሥራ ሁለተኛዋ መስመር ባዶዋን ትቀራለች።

ሶስና መንገድ ጀመረች። ከዚያም መሐል ሜዳ ላይ ቆመች። ቀስ ብላ ብትሄድስ? መሮጥ ቀርቶ እንደ ሰው ብትራመድ፣ አንድ ዛፍ ሥር ዐረፍ ብትል፣ ቦርሳዋ ውስጥ ካለው መጽሐፍ ሃያ ገጽ ብታነብ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። ማንም "የት ቆየሽ?" አይላትም፤ ቆይታ እንደሆነ የሚያውቅ የለማ። ዘወር ብላ አየች። ትርንጎ ፋሻዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሕፃን እንደሚታቀፍ ታቅፋዋለች። ሶስና ሮጠች።

ወጌሻው የፈረስም እግር ያሻል፤ ከሜዳው ጥግ፣ እዚያ የሚጠበቁ ፈረሶች ጋጣ ውስጥ ነበር። ቦራ የሚሉት ፈረስ በሦስት እግሩ ቆሞ፣ አራተኛውን አንጠልጥሏል።

"ጋሽ ድንበሩ፣ ትርንጎ ትጠራዎታለች። ለደቂቃ ብቻ..."

"ይኸው እንደምታዪኝ ነኝ። የጀመርኩትን እግር ትቼ ወደ ሌላ እግር አልሄድም። ፈረስ ይሁን አምበል፣ ተራ ተራ ነው።" ይህን ብሎ እጁን ሲዘረጋ ቦራ ጆሮውን አጥፎ ጥርሱን አሳየው። ድንበሩ ወደ ኋላ ዘለለ። "አየሽ? እኔን አያምነኝም። ጠባቂው ባንትይርጉ አንገቱን ካልያዘለት እግሩን አይሰጠኝም። ቤቱ ከአጥሩ ማዶ ነው፤ ሰማያዊ በር። ቦራ እምቢ አለኝ በይው።"

ፈረሱ እግሩን ካልሰጠ፣ ወጌሻው አይመጣም። ወጌሻው ካልመጣ፣ ጉልበቱ አይናገርም። ጉልበቱ ካልተናገረ፣ እስክሪብቶው አይጽፍም። እስክሪብቶው ካልጻፈ፣ አሥራ ሁለተኛዋ መስመር ባዶዋን ትቀራለች።

ሰማያዊውን በር አንኳኳች። ከውስጥ "ግቢ፣ መነሣት አልችልም!" የሚል የወንድ ድምፅ መጣ። ባንትይርጉ ግዙፍ ሰው ነው፤ ግን እውነትም መነሣት አልቻለም። አልጋው ላይ የተኙት እናቱ እማማ የሻረግ የሸሚዙን እጅጌ ጨብጠው ይዘዋል።

"ቦራ እምቢ ብሏል" አለች ሶስና።

"ዐውቃለሁ። እኔ ከሌለሁ እምቢ ነው የሚለው።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ምን ላድርግ? ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ብቻቸውን መሆን ይፈራሉ። ጎረቤታችን ነበረች የምትቀመጥላቸው፤ እሷም ቤት ቀይራ ሄደች። ይኸው ሦስት ቀኔ።"

"አትንሾካሾክ፣ ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው" አሉ እናቱ። "እኔ ሂድ ብዬሃለሁ። ሰው ተክተህ ሂድ።"

"ሰው መጣልዎ እኮ ትናንትና!"

"የመጣው ሁሉ 'አይዞዎት' ብሎኝ ይሄዳል። አይዞዎት ምን ያደርግልኛል? ተቀምጦ የሚቆይ ሰው ነው ያልኩህ።"

እናትየዋ እጅጌውን ካልለቀቁ፣ ጠባቂው አይነሣም። ጠባቂው ካልተነሣ፣ ፈረሱ እግሩን አይሰጥም። ፈረሱ ካልሰጠ፣ ወጌሻው አይመጣም። ወጌሻው ካልመጣ፣ ጉልበቱ አይናገርም። ጉልበቱ ካልተናገረ፣ እስክሪብቶው አይጽፍም። እስክሪብቶው ካልጻፈ፣ አሥራ ሁለተኛዋ መስመር ባዶዋን ትቀራለች።

ወደ ማን ልትሄድ ነው አሁን? በሩ ላይ ቆማ ወደ ውጭ አየች። ከዚህ ወዲያ የምትለምነው ሰው የለም። ሰባት ሰዓት አልፏል። እዚህ ከተቀመጠች ሜዳው ላይ የሚሆነውን አታይም፤ ካልተቀመጠች ደግሞ የትርንጎ ጉልበት ሳይናገር ዘጠኝ ሰዓት ይሞላል። ደግሞም መቀመጥ፣ ሁለት ዓመት ከስድስት ወር ሙሉ የሠለጠነችበት ሥራ ነው።

"እኔ እቀመጣለሁ" አለች።

"አንቺ ማነሽ? ስምሽ ማነው?"

ዛሬ ይህን የጠየቋት የመጀመሪያዋ ሰው ናቸው። "ሶስና።"

"ሶስና። እንግዲያው ወዲህ ነይ ሶስና፤ እጅሽን ስጪኝ።"

እማማ የሻረግ እጅጌውን ሳይለቁ በሌላው እጃቸው የሶስናን እጅ ያዙ፤ ጨበጥ ጨበጥ አድርገው መዘኑት፤ ከዚያ የልጃቸውን እጅጌ ለቀቁ።

ሶስና በነጻው እጇ ቦርሳዋን ከፈተች። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መርጣ የያዘችው መጽሐፍ ስለ ባሕርና ስለ ደሴቶች የተጻፈ ነበር፤ ማዳጋስካርን ባታያት እንኳ እንድታነባት።

"ባሕር አይቼ አላውቅም" አሉ እማማ የሻረግ። "ዳር አለው?"

"አለው። ግን አይታይም።"

"እንደኔ ዓይን ነዋ። አንብቢ።"

አነበበች። እሷ ስታነብ ከአጥሩ ማዶ የሆነውን ያወቀችው በኋላ፣ ሰው ሲያወራ ሰምታ ነው። እናትየዋ እጅጌውን ሲለቁ፣ ጠባቂው ተነሣ። ጠባቂው ሲነሣ፣ ፈረሱ አንገቱን ትከሻው ላይ ጥሎ እግሩን ሰጠ። ፈረሱ ሲሰጥ፣ ወጌሻው ዐሽቶ፣ አስሮ፣ እጁን ታጥቦ መጣ። ወጌሻው ሲመጣ፣ ጉልበቱ ተናገረ።

"ለመሄድ ትሄጂያለሽ" አላት ድንበሩ፤ አውራ ጣቱ ጉልበቷ ላይ እንዳለ። "ለመሮጥ ግን አልልሽም። ፈረሱን አልዋሸሁትም፤ አንቺንም አልዋሽሽም።"

ትርንጎ ተነሥታ አሥር እርምጃ ሄደች። አሥራ አንደኛውን ልትሮጥ ሞከረችና ቆመች። ቀጥ ብላ ወደ አሠልጣኙ ሄዳ፣ "እምቢ አለኝ" አለችው፤ በገዛ አፏ። ጉልበቱ ሲናገር፣ እስክሪብቶው ጻፈ። ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር።

ባንትይርጉ ሲመለስ ሶስና ገጹን አጥፋ ተነሣች።

"ነገስ?" አሉ እማማ የሻረግ። "ደሴቷ ላይ እንደደረስን ልትተዪኝ ነው?"

ከሄደች ነገ ለጉዞ ትዘጋጃለች። ካልሄደች ነገ ትመጣለች። "ሰው ይመጣል" አለች፤ ማን እንደሚመጣ ሳታውቅ፣ እየሮጠች ወጣች።

ስትደርስ ቡድኑ ተሰብስቦ ገዛኸኝ ዝርዝሩን ያነባል። ስምንት። ዘጠኝ። አሥር። አሥራ አንድ።

"አሥራ ሁለት። ሶስና ደርቤ።"

"ብርጭቆዋ ከቡፌ ወጣች!" ብላ ጮኸች ፈትለወርቅ፤ በደህናው እጇ ጭኗን እየመታች። ጭብጨባ ሆነ። አንዷ ሶስናን ከጀርባዋ አቅፋ ማልያዋን ጭምድድ አድርጋ ያዘቻት፤ ያን ሁሉ ዓመት የፈለገችው አያያዝ ነበር።

የተጠራች የጠራትን ታያለች። ሶስና ግን የጠራትን አላየችም። ትርንጎን ፈለገች።

ትርንጎ ደረጃው ላይ፣ ከሰው ራቅ ብላ ተቀምጣለች። የጫማዋን ማሰሪያ ታያለች። ማሰሪያው የታሰረ ነው። ፈታችው። መልሳ አሰረችው። እንደገና ፈታችው።

እዚያ ነው ለካ የሚያዩት። ሶስናም አሁን ትዝ አላት፤ የሦስተኛ ክፍል ጫማዋ ቡናማ ነበር፣ የግራው ማሰሪያ ጫፍ ተበጥሶ ነበር።

ሄዳ ከጎኗ ተቀመጠች።

"ምን ሆንሽ? ሂጂ፣ ማልያሽን ተቀበይ" አለች ትርንጎ፣ ቀና ሳትል።

ሶስና መጽሐፉን አውጥታ በትርንጎ ጉልበት ላይ፣ ከፋሻው በላይ አስቀመጠችላት።

"ይሄ ምንድነው?"

"አንድ እናት አሉ። ሰማያዊ በር። ሰው ተቀምጦ እንዲያነብላቸው ይፈልጋሉ፤ ሰማንያ አራተኛው ገጽ ላይ ነን።"

"እኔ? መጽሐፍ? ቀልደኛ ነሽ።"

"ሐኪሙ ሦስት ሳምንት ተቀመጪ ብሎሽ የለ?"

ትርንጎ ልትስቅ ጀመረች፤ ሳቁ ግን መሐል ላይ ተበላሸባትና ፊቷን ወደ ማሰሪያዋ መለሰች። መጽሐፉን አልመለሰችም። ሶስና አይዞሽ አላለቻትም።

"ሶስና!" ብሎ ተጣራ ገዛኸኝ፣ ማልያ ከፍ አድርጎ ይዞ። "ሶስና፣ ነይ እንጂ! ፎቶ እንነሣ!"

ስሟ በሜዳው ላይ ሁለት ጊዜ ጮኸ። ተነሥቶ መሮጥ ነበር ያለባት። እሷ ግን ቁርጧን ዐወቀች፤ ክንዷን በትርንጎ ክንድ ውስጥ አስገብታ ቆለፈችው፤ ቁጭ እንዳለች።

ትርንጎ ካልተነሣች፣ ሶስና አትነሣም። ሶስና ካልተነሣች፣ ማልያው አይለበስም። ማልያው ካልተለበሰ፣ ፎቶው አይነሣም። ፎቶው ካልተነሣ፣ አሠልጣኙም አሥራ አንዱ ልጆችም ቆመው ይጠብቃሉ።

ይጠብቁ።