የአይጠገብ ሜዳው ገሣ

ልጆች፣ ቀረብ በሉ። ይህ ወሬ አንዱ ሌላውን እየጎተተ የሚሄድ ነው፤ መሃል ላይ የተነሣ ሰው መጨረሻው ይጠፋዋል።

አባቴ አንድ ነገር ፈለገ። ትልቅ ነገር አይደለም። አንድ ገሣ በእጁ መንካት ብቻ።

ገሣ ታውቃላችሁ? ዱሮ ደጋ ላይ ሰው ዝናብ ሲመጣ የሚደርበው፣ ከጓሳ ሣር የተጎነጎነ ልብስ ነው። ያኔ አባቴ፣ አቶ እንግዳወርቅ፣ ሰባ ስምንት ዓመቱ ነበር። ልቡን ያመው ነበርና ሐኪሙ፣ «ደጋ አይውጡ፤ ከወጡም ይህ የመጨረሻዎ ይሁን» አለው። እሱም ወደ እኔ ዞሮ፣ «የመጨረሻዬ ከሆነ አይጠገብ ሜዳን አሳዪኝ» አለ።

እዚያ ነው የተወለደው። በአሥራ አንድ ዓመቱ አጎቱ ለትምህርት ወደ ከተማ ወሰደው። እናቱ እሱ በሌለበት ሞተች። መንደሩም ከሜዳው ዳር ተነሥቶ ወደ ታች ወረደ። ከእናቱ የቀረው ነገር አልነበረም፤ ፎቶግራፍ የለ፣ ነጠላ የለ፣ ምንም የለ።

እናም በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት የወንድሜን መኪና አስነሥቼ አባቴን፣ እናቴን አስካለችንና የስድስት ዓመቷን ልጄን ቤዛዊትን ይዤ ወጣሁ። እናቴ ዳገቱን ሁሉ ስታጉረመርም ነበር።

«ሣር ለማየት ይህን ያህል መንገድ! እኛ ሰፈር ሣር ጠፍቶ ነው?»

አባቴ መስኮቱን ከፍቶ ያይ ነበር። ጓሳው እስከ ወገብ ደርሷል፤ ነፋስ ሲነካው ሜዳው ከዳር እስከ ዳር ይተኛል፣ ደግሞ ይነሣል።

ከሜዳው አፋፍ ላይ ረጅም የድንጋይ ቤት አለ። በሩ ላይ «የአይጠገብ ሜዳ የተፈጥሮና የታሪክ ማዕከል» ይላል። አስጎብኚው ታምሩ የሚባል ትሑት ወጣት ነበር። የቀይ ቀበሮውን ሥዕል አሳየን፣ የአበቦቹን ስም ነገረን፣ ማጭዱንና ሞፈሩን አሳየን። በመጨረሻ አንድ የመስታወት ሣጥን ፊት ስንደርስ አባቴ ቆመ። ውስጡ ገሣ ተሰቅሏል።

«ይህን እናቴ ናት የሠራችው» አለ።

«በምን አወቅህ አባዬ?»

«እናቴ ግራኝ ነበረች። ሌላው ሰው ወደ ቀኝ ሲጎነጉን እሷ ወደ ግራ ነው። ጫፉን ተመልከቺው። አንገቱ ሥር ቢገለጥ ደግሞ የእሷ ቋጠሮ ከሌላው ሰው ይለያል።» መዳፉን መስታወቱ ላይ ለጠፈ። «አንዴ ብነካው።»

ታምሩ ተጨነቀ። «አባባ፣ እኔ ደስ ባለኝ። ግን ሣጥኑ ተቆልፏል። ቁልፉ ያለው ወይዘሮ ትርንጎ ዘንድ ነው፤ እሷ ደግሞ ጓሮ ናት። እኛም ስድስት ሰዓት ላይ እንዘጋለን፤ ከዚያ በኋላ ጉም ስለሚወርድ መንገዱ አይታይም።»

አራት ሰዓት አልፏል። አባቴን ከሣጥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀምጬ፣ ቤዛዊትን በእጄ ይዤ ወደ ጓሮ ሄድኩ።

ወይዘሮ ትርንጎ የቅርሶቹ ኃላፊ ናት። ቁልፉ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። በሁለት እጇ ግን አንዲት ቀይ በቅሎ ጨምድዳ ይዛለች።

«እመቤቴ፣ አባቴ ገሣውን አንዴ ቢነካው ብለን ነበር» አልኳት።

«ምን ከፋኝ እህቴ! ግን ይህቺን ብለቃት ሜዳ ለሜዳ ነው የምፈልጋት። ገመዷን በጥሳለች። የታምሩንም ቀበቶ በጥሳለች። ከእኔ በቀር ሰው አታስጠጋም፣ ትናከሳለች። ጋጣውም ክዳኑ ተነሥቶ እየታደሰ ነው።»

«እንግዲያው ቁልፉን ስጪኝ።»

«ፈርሜበታለሁ! ከአንገቴ አይወርድም። ገመድ አምጪልኝና እመጣለሁ።»

እንግዲህ ሣጥኑ ያለ ቁልፍ አይከፈት፣ ቁልፉ ያለ ትርንጎ አይመጣ፣ ትርንጎ በቅሎዋን አትለቅ፣ በቅሎዋ ያለ ገመድ አትቆም። አባቴም ገሣውን አይነካ።

ገመድ የሚገምዱት ጋሽ ድልነሳ ናቸው። ከቤቱ ጥግ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው፣ አንድ ክምር ደረቅ ጓሳ አጠገባቸው ተከምሮ፣ እጃቸውን አጣጥፈው አገኘኋቸው።

«ጋሽ ድልነሳ፣ አንድ ገመድ ቢገምዱልን?»

«ልጄ፣ እኔስ ሥራ ፈትቼ መቀመጥ መች ወደድኩ! ጓሳ ግን ሳይርስ አይገመድም። እዪ!» አሉና አንድ ዘለላ አንሥተው ጠመዘዙት። ቀጭ ብሎ ተሰበረ። «በርሜሉ ባዶ ነው። ውሃ ቀጂዋ ፈለቀች ከምንጭ ልታመጣ ከሄደች ቆይታለች። ውሃ አምጪልኝና እገምዳለሁ።»

«አያቴ ይጠብቃል እኮ» አለች ቤዛዊት።

«እኔም እየጠበቅሁ ነው፣ የኔ ልጅ» አሏት።

እንግዲህ ሣጥኑ ያለ ቁልፍ አይከፈት፣ ቁልፉ ያለ ትርንጎ አይመጣ፣ ትርንጎ በቅሎዋን አትለቅ፣ በቅሎዋ ያለ ገመድ አትቆም፣ ገመዱ ያለ ውሃ አይገመድ። አባቴም ገሣውን አይነካ።

ወደ ምንጩ ወረድን። ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ፈለቀች አህያዋን ከኋላ ትገፋለች። አህያዋ አራት ጀሪካን ተጭናለች፤ አራት እግሯን ተክላ ቆማለች።

«ፈለቀች፣ ውሃው በጣም ይፈለጋል» አልኳት።

«ለእኔ ትነግሪኛለሽ? ለእሷ ንገሪያት! ጭላዳ ካየች አንድ እርምጃ አትሄድም። ባለፈው ዓመት አንዱ ወንዱ ጥርሱን አሳይቷት፣ ይኸው ከዚያ ወዲህ እንዲህ ናት።»

ዞር ብዬ አየሁ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ባንድ በኩል ገደል፣ ባንድ በኩል ድንጋይ። መሃሉ ላይ መቶ የሚሆኑ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ተቀምጠው፣ ችኮላ የሚባል ነገር ሳያውቁ፣ ሣር በጣታቸው እየነጩ ይበላሉ። እኔና ቤዛዊት በድንጋዩ ላይ ተንጠላጥለን አልፈን ነበር። አህያ ግን አትንጠላጠልም።

እንግዲህ ሣጥኑ ያለ ቁልፍ አይከፈት፣ ቁልፉ ያለ ትርንጎ አይመጣ፣ ትርንጎ በቅሎዋን አትለቅ፣ በቅሎዋ ያለ ገመድ አትቆም፣ ገመዱ ያለ ውሃ አይገመድ፣ ውሃው ያለ አህያ አይደርስ፣ አህያዋ በጭላዳ መሃል አታልፍ። አባቴም ገሣውን አይነካ።

ጎንበስ ብዬ ድንጋይ ላነሣ ስል ከላይ አንድ ድምፅ፣ «ተይ!» አለ።

የሜዳው ጠባቂ ሸዋንግዛው ነበር፤ ካፖርቱን ለብሶ፣ ዱላውን ተደግፎ ቆሟል።

«ድንጋይ መወርወር ክልክል ነው» አለ። «ዱላ ማንሣትም ክልክል ነው። መኖ መስጠትም ክልክል ነው። ሣሩ የእነሱ ነው፤ ሲጠግቡ ይነሣሉ።»

«መቼ ይጠግባሉ?»

ፀሐይዋን አየ። «ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ።»

«ወንድሜ፣ አባቴ የልብ ሕመምተኛ ነው። ሁለተኛ እዚህ አይመጣም። ማዕከሉ ስድስት ሰዓት ይዘጋል።»

ሸዋንግዛው ክፉ ሰው አልነበረም። ከልቡ አዘነ። «እህቴ፣ እኔ እንጀራዬ እነሱን መጠበቅ ነው። ምን ላድርግሽ?»

ተመለስኩ። ለአባቴ ምን ብዬ እንደምነግረው ሳስብ ቤዛዊት ቀድማኝ ሮጠች፤ በርጩማው ፊት ቆማ፣ ትንፋሿ ሳይመለስ እንዲህ አለችው፦

«አያቴ! ሣጥኑ ያለ ቁልፍ አይከፈት፣ ቁልፉ ያለ ትርንጎ አይመጣ፣ ትርንጎ በቅሎዋን አትለቅ፣ በቅሎዋ ያለ ገመድ አትቆም፣ ገመዱ ያለ ውሃ አይገመድ፣ ውሃው ያለ አህያ አይደርስ፣ አህያዋ በጭላዳ መሃል አታልፍ፣ ጭላዳው ሳይጠግብ አይነሣ!»

የአባቴ ትከሻ ተንቀጠቀጠ፤ ደንግጬ ቀረብ ስል፣ ለካ እየሳቀ ነው። እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ዓመታት አልፈዋል።

«ጭላዳ ነው ያገደን?» አለ። «ገብሳችንን ከጭላዳ ስጠብቅ አይደል ያደግሁት! ምርኩዜን አምጡልኝ።»

እናቴ ብድግ አለች። «አንተ ሰው፣ ልብህስ?»

«ትቼው አልሄድም፣ ይዤው ነው።»

«እንግዳወርቅ፣ ቀልድ አይደለም!»

«አስካለች፣ እኔም አልቀለድኩም» አላት፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «እናቴ ስትሞት አልነበርኩም። እዚህ ድረስ መጥቼ በመስታወት አይቻት ብቻ ልመለስ?»

እናቴ ትንሽ አየችው። ከዚያ ክንዷን በክንዱ ውስጥ አስገባች። «ቀስ ብለህ ታዲያ» አለች።

ቀስ ብለው ወረዱ። አሥር እርምጃ ሄደው ያርፋሉ፣ ደግሞ አሥር ይሄዳሉ። እኔ ከኋላ እያንዳንዱን ትንፋሹን እቆጥራለሁ። ጭላዳዎቹ ጋ ሲደርስ ምርኩዙን ለእናቴ ሰጣት። ጋቢውን በሁለት እጁ እንደ ክንፍ ዘረጋው። ያ በቤታችን ድምፁ ከግድግዳ የማያልፍ ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ፣

«ሆሆሆይ! ገመሬ ባለጋሜ! ግባ ወደ ገደልህ! ሆሆይ!» አለ።

ገደሉ ተቀብሎ መለሰለት። አንድ ደረተ ቀይ፣ ጎፈሩ እስከ ክርኑ የወረደ ትልቅ ወንድ ከሣሩ ቀና ብሎ አየው። አባቴም አየው። ሁለት ሽማግሌዎች ተያዩ። ከዚያ ወንዱ ብድግ አለ፤ ሚስቶቹ ተከተሉት፣ ግልገሎቹ ጀርባቸው ላይ ተለጠፉ፣ መንጋው ሁሉ እየተንጫጫ ወደ ገደሉ ፈሰሰ።

ሸዋንግዛው ራሱን አከከ። «ድንጋይ አልተወረወረም» አለ። «ዱላም አልተነሣ። ስለ ጩኸት ደግሞ ደንቡ ምንም አይልም።»

ጭላዳው ተነሣ፣ አህያዋ አለፈች። አህያዋ አለፈች፣ ውሃው ደረሰ። ውሃው ደረሰ፣ ጓሳው ራሰ። ጓሳው ራሰ፣ ጋሽ ድልነሳ ገመዱን ገመዱ። ገመዱ ተገመደ፣ በቅሎዋ ታሰረች። በቅሎዋ ታሰረች፣ ትርንጎ እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች መጣች። ትርንጎ መጣች፣ ቁልፉ ዞረ። ቁልፉ ዞረ፣ ሣጥኑ ተከፈተ።

አምስት ሰዓት ተኩል ነበር።

አባቴ ወዲያው አልነካውም። እጁን ሱሪው ላይ አበሰ። ከዚያ ገሣውን አንገቱ ሥር ገለጠና ጣቱን በጉንጉኑ ላይ ሰደደ። ሁላችንም አየን። ጉንጉኑ ወደ ግራ ነው የሚሄደው፤ ከላይ እስከ ታች ወደ ግራ። ቋጠሮው ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«እሷ ናት» አለ።

ትርንጎ ደንቡን ታውቃለች፤ ግን ገሣውን ራሷ አውርዳ ትከሻው ላይ ጣለችለት። ክሩን ሊያስር ሲል ከጣቱ አመለጠው። ያን ጊዜ እናቴ፣ ያቺ መንገዱን ሁሉ ስታጉረመርም የመጣችው እናቴ፣ ፊቱ ቆመች።

«ቀና በል» አለችውና አሰረችለት። ገሣውን ከትከሻው ወደ ታች ገበያ ላይ እንደሚዳሰስ ልብስ ዳሰሰችው። «ጎበዝ ነበረች» አለች ቀስ ብላ። «የዝናብ ጠብታ አያስገባም ይህ።»

አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ሣሩን አሸተተ። እንባው በጉንጩ ወረደ፤ አልጠረገውም። ሲያወልቀው እንደ ሕፃን ልጅ በሁለት እጁ ታቅፎ ነው ለትርንጎ ያስረከበው።

ትርንጎ ከመሳቢያ አንድ ትልቅ መዝገብ አወጣች። «እንዲህ ያለ ነገር ስንቀበል የሠሪውን ስም እንጽፋለን። የዚህ ግን ቦታው ባዶ ነው። ማን ነበር ስማቸው፣ አባቴ?»

እኔ ያን ጊዜ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። የአባቴን አባት ስም፣ የአያቱንም፣ የቅድመ አያቱንም እስከ ሰባት ቤት እቆጥራለሁ። የእናቱን ስም ግን አላውቅም ነበር። እሱ «እናቴ» ይላል፤ እኛም ጠይቀን አናውቅም።

«ይመኙሻል» አለ አባቴ። «ይመኙሻል ወልደየስ።»

ትርንጎ ጻፈችው። አባቴ ጎንበስ ብሎ፣ ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ አየው።

ጉሙ ሳይወርድ ቁልቁለቱን ጨረስን። አባቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ኖረ። የቤዛዊትን እህት ሳላረግዝ ነው የሄደው፤ ባያያትም ስም አላጣንላትም። ይመኙሻል አልናት።

ይኸው ነው። የሰማ ለልጁ ይንገር፤ ያልሰማ ይምጣ፤ እኔ ገና አልደከመኝም።