ለጥሩምባ ነፊው ማን ይንፋለት?

ውሸት ብናገር ይቺ ምላሴ እንደ አሮጌ ቀበቶ ትበጠስ! አታምኑኝም እንጂ፣ የአገሩን ሞት ሁሉ ሲለፍፍ የኖረው የእድራችን ጥሩምባ ነፊ፣ ጋሽ አንዳርጌ፣ እሱ የሞተ ዕለት የሚለፍፍለት ጠፋ። እሱ ሲነፋ ድምፁ ተራራውን ሰባት ጊዜ ይዞር ነበር። ሌላ ሰው ጥሩምባውን ቢሞክረው የታመመ ጥጃ ድምፅ አወጣ፤ ለቀስተኛው ሳቁን ዋጠ።

ሚስቱ በላይነሽ ግን የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ የወንዝ ማዶ ሰው ሰምቶ ለቀብሩ እንዲደርስ። ስንቱን በትንፋሹ ያስቀበረ ሰው፣ በአምስት ሰው ይሸኝ?

የእድሩ ፒካፕ ላይ የከባድ መኪና ክላክስ አለ። አንዳርጌን ትንፋሽ ሲያጥረው ያግዘው ተብሎ የመጣ ነው፤ ሽቦው ሳይገናኝለት ሞት ቀደመ።

«ምትኩ፣ በሞቴ፣ አስጩህልኝ» አለችው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪውን።

«እትዬ፣ ይሄ ክላክስ ኤሌክትሪክ በላተኛ ነው፤ በቀጥታ ባገናኘው ቁልፉን ያቃጥለዋል። ሪሌ ላስገባለት። ቁልፉ ሪሌውን ያዛል፣ ሪሌው ከባትሪው ተቀብሎ ያበላዋል።»

አስገባ፤ ቁልፉን ተጫነ። ጭጭ!

በላይነሽ ክላክሱን «ጩህ!» አለችው። «ሪሌው ካላበላኝ አልጮህም» አለ።

ሪሌውን «ክላክሱን አብላው፣ ክላክሱ ይጩህ፣ ሰው ለአንዳርጌ ይድረስ!» አለችው። «ኔጌቲቭ ሽቦዬ ካልያዘልኝ አላበላም» አለ።

ሽቦውን «ሪሌውን ያዝለት፣ ሪሌው ክላክሱን ያብላ፣ ክላክሱ ይጩህ፣ ሰው ለአንዳርጌ ይድረስ!» አለችው። «ብሎኑ ካልነከሰኝ አልይዝም» አለ።

ብሎኑን «ሽቦውን ንከስ፣ ሽቦው ሪሌውን ይያዝ፣ ሪሌው ክላክሱን ያብላ፣ ክላክሱ ይጩህ፣ ሰው ለአንዳርጌ ይድረስ!» አለችው። «ቀለም ውጦኝ በምን ጥርሴ?» አለ።

እውነቱን ነው። አንዳርጌ ለመስቀል በዓል፣ ዝገት እንዳይበላት ብሎ፣ ፒካፗን ጎማዋ ሲቀር ሁለመናዋን በዘይት ቀለም ሦስቴ ደራርቦ ቀብቷታል። ሽቦው የመኪናዋን ብረት የሚያገኘው ደግሞ በዚያ አንድ ብሎን ብቻ ነው፤ ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።

ቀለሙን «ብሎኑን ልቀቅ፣ ብሎኑ ሽቦውን ይንከስ፣ ሽቦው ሪሌውን ይያዝ፣ ሪሌው ክላክሱን ያብላ፣ ክላክሱ ይጩህ፣ ሰው ለአንዳርጌ ይድረስ!» ልትል ጎንበስ አለች። ግን አንድ ነገር አየች። ሳይደርቅ የነካው የአንዳርጌ አውራ ጣት፣ ከነመስመሩ፣ ብሎኑ ራስ ላይ ታትሟል።

ምትኩ ቢላዋ አነሳ። «ልፋቀው?»

«እጅህን ሰብስብ! ጣቱ ነው እኮ!»

«እትዬ፣ ቄሱ ተነሡ እያሉ ነው።»

አምስቱ ሰዎች የሬሳ ሳጥኑን ሊይዙ ጎንበስ ሲሉ አየች። የራሷን አውራ ጣት በአሻራው ላይ አሳረፈች። እስኪሞቅ ያዘችው። ከዚያ ቢላዋውን ተቀብላ ራሷ ፋቀችው።

ቀለሙ ብሎኑን ለቀቀ፣ ብሎኑ ሽቦውን ነከሰ፣ ሽቦው ሪሌውን ያዘ፣ ሪሌው «ጠቅ!» ብሎ ክላክሱን አበላ፣ ክላክሱ ጮኸ! ቁራ ከሰማይ ረገፈ፤ ዘጠኝ ቀበሌ አልፎ ያለ በሬ ቀንበሩን ጥሎ ፈረጠጠ። የማዶ ሰው ነጠላውን ዘቅዝቆ፣ ወንዙን እየተሻገረ ጎረፈ።

ከሁሉ ፊት የማዶዋ አሮጊት እማማ ዘርትሁን በምርኩዛቸው እያለከለኩ ደረሱ። ሳጥኑንም ሰዉንም ሳያዩ ጮኹ፦

«ማን ሞቶ ነው? ደግሞ አንዳርጌ፣ ተመስገን፣ ዛሬ ትንፋሹ ተመለሰለት!»