የተኛው ብርሌ

ተረት ተረት!

የላም በረት!

በረቱንማ ዝጉት፤ ዛሬ በተረቴ ውስጥ አንዲት ላም ልትወሰድ ነው። ዘጋችሁት? እንግዲያው ጠጋ ጠጋ በሉ።

በድሮ ዘመን፥ ጎሽ ሜዳ በሚባል አገር፥ ግራዝማች ቢሻው የሚባሉ ትልቅ ሰው ነበሩ። ትልቅነታቸው በምን ታወቀ ብትሉኝ፥ ብርሌ ነበራቸው። ያገሩ ሰው በቅልና በቀንድ ዋንጫ ሲጠጣ፥ እሳቸው ብቻ አንገቱ የቀጠነ፥ ሆዱ የሰፋ የጠጅ ብርሌ ነበራቸው። ይጠጡበት ነበር ወይ? ኧረ አይጠጡበትም። በጥጥ ጠቅልለው መሶብ ውስጥ አጋድመውታል። ሰው ሊያየው ሲመጣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ ያደርጉና፦

«እሽሽ! ተኝቷል» ይላሉ።

ትልቅ ሰው ተኝቷል ካለ መቼም ተኝቷል ነው። መንደርተኛው በደጃቸው ሲያልፍ በእግሩ ጣት ሆነ። ውሻ ሊጮኽ ሲል አፉን ይይዙት ጀመር። አልቃሽ እንኳ ሬሳ ተከትላ እዚያ ደጃፍ ስትደርስ ዝም ትልና፥ አጥሩን ካለፈች በኋላ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ሟቾቹም አልተቀየሙም አሉ።

በዚያው መንደር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባታል። ዝናሽ የምትባል ልጅና ቦራ የምትባል ላም ነበሯት። አንድ አውራ ዶሮም ነበራት። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ዶሮው ጮኸ። ዶሮ መቼም ሌላ ሥራ የለውም። ግራዝማችም በማለዳ ከነከዘራቸው ከተፍ አሉና፦

«አንቺ አንጓች! ይኼ ዶሮሽ ብርሌዬን ሊቀሰቅስብኝ ነው።»

«ምን ላርገው ጌታዬ? ብነግረው አይሰማኝ።»

«ተይው፥ እኔ እነግረዋለሁ» አሉና ክንፉን ይዘው ወሰዱት።

ምን ብለው እንደነገሩት አይታወቅም፤ ዳግመኛ ግን አልጮኸም። ያን ዕለት ከግራዝማች ቤት የቁሌት ሽታ ወጥቶ መንደሩን ሞላው። አንጓችም አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አድርጋ፦

«አይ ጌታዬ! ለዚያ ብርሌ ብለው ስንቱን ይደክማሉ» አለች። የዋህ ነበረች።

ከዚያም ዝናሽ ታጨች። የሙሽራው አባት ባሻ ይርዳው ይባላሉ። ክብር የሚወዱ ሰው ናቸው። በልጃቸው ሠርግ ላይ ጠጅ በቀንድ ዋንጫ ቢቀርብላቸው ንቀት ነው ብለው፥ በቅሏቸውን አስጭነው የሚሄዱ ዓይነት። አንጓች ይኼን ሰማችና እንቅልፍ አጣች። ከዚያም ነጠላዋን አጣፍታ ግራዝማች ዘንድ ሄደች።

«ጌታዬ፥ ብርሌውን ለአንድ ቀን ያውሱኝ። ለባሻ ብቻ ላቅርብበትና እመልሳለሁ።»

ግራዝማች አጥሩን አሻግረው ቦራን አዩ። ቦራ ሣር ትግጣለች። ግቷ ሙሉ ነው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ላውስሽ። ነገር ግን እንደ ሰጠሁሽ ትመልሺልኛለሽ። እንደ ሰጠሁሽ ካልሆነ ቦራን እወስዳለሁ።»

አንጓችም ወደ ቦራ ዞረች። ቦራ የዝናሽ ናት። ሙሽሮቹ ለመልስ ሲመጡ፥ ዝናሽ ላሟን ይዛ ወደ ባሏ ቤት እንድትመለስ ቃል ገብታላታለች። ባዶ እጇን የገባች ሙሽራ በአማት ቤት ምን እንደምትባል እናንተም ታውቃላችሁ። ብርሌው ከሌለ ደግሞ ሠርጉም የለም። ምን ታድርግ? ሁለቱም የመንደሩ ዳኛ ጭቃ ሹም ጓንጉል ፊት ቆሙና «እንደ ሰጠሁሽ!» «እንደ ሰጡኝ!» ተባብለው ማሉ። ግራዝማችም ብርሌውን ከነጥጡ ሲያስታቅፏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ሥሩን እንዳትነኪው። እንቅልፉ ያለው ከሥሩ ነው» አሏት።

ሠርጉ ደረሰ። ዳሱ ሞላ። አንጓች ራሷ በእግሯ ጣት እየሄደች፥ ትንፋሿን ውጣ፥ ጠጅ የሞላውን ብርሌ ለባሻ ይርዳው አቀረበች። ባሻ ደስ አላቸው። ሪዛቸውን ጠረጉና ሊመርቁ ተነሡ። ብርሌውንም ከፍ አድርገው፦

«ልጆቼ! ትዳራችሁ እንደዚህ እንደያዝኩት ብርሌ የጸና . . .»

ጧ! ሥሩ ወደቀ። አንገቱ በእጃቸው ቀረ። ጠጁ በሙሉ ደረታቸው ላይ ወረደ።

ከዳሱ ጥግ አንዱ «ነቃ!» ብሎ ጮኸ።

ይኼኔ ከበሮው ቆመ። ያን ያህል ዘመን ተኝቶ የኖረ ነገር ሲነቃ ምን ሊናገር ነው ብሎ ሰው ሁሉ ጆሮውን ቀሰረ። ብርሌው ምንም አልተናገረም። የተናገሩት ባሻ ናቸው፦

«ይቀዘቅዛል» አሉ። ቀጥለውም «በመድኃኔ ዓለም! ከንፈሬ እንኳ አልነካውም!» ብለው ማሉ።

ሠርገኛው ሳቀ፥ ባሻም ሳቁ፥ ከበሮው ተመታ። አንጓች ግን አልሳቀችም። ተንበርክካ ስብርባሪውን አንዲት ፍንጣሪ ሳታስቀር በነጠላዋ ጫፍ ለቀመች። እንደ ሰጡኝ ብላ ምላለቻ! ከስብርባሪው መሀል አንድ አውራ ጣት የሚያህል ቡናማ ነገር ነበር። የጠጅ አተላ መስሏት እሱንም አብራ ቋጠረችው።

በማግሥቱ የቦራን አንገት አቅፋ አለቀሰች። ከዚያም ባሏ በሕይወት ሳለ ያሠራላትን የብር ድሪ ከአንገቷ አወለቀችና ከወንዙ ማዶ ወዳለው ትልቁ ገበያ ገሠገሠች። እዚያ ብርሌ የሚያመጣ ነጋዴ አለ። አንጓች ብርሌዎቹን አንድ በአንድ አየች። አንዱ ቁርጥ የግራዝማችን ይመስላል።

«ይኼ የተኛ ነው የነቃ?» ብላ ጠየቀች።

«ምን አልሽ እመቤቴ? እኔ የነቃ ዕቃ አልሸጥም!»

«እንግዲያው ተኝቷላ?»

ነጋዴው አያት። ከዚያም ድሪውን አየ። ከዚያ በኋላ ጥጥ አነሣና ብርሌውን ቀስ አድርጎ ጠቀለለው።

«ይኸው፥ አሁን አስተኛሁልሽ። መንገድ ላይ እንዳታንኳኪው እንጂ እስከ ቤትሽ አይነቃም።»

አንጓች ድሪዋን ሰጠችና ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ ጣት ተመለሰች።

የመልሱ ቀን ደረሰ። ድግሱ ሳይጀመር ጭቃ ሹም ጓንጉል ከኮሶው ዛፍ ሥር ተሰየሙ። ቦራ ከግንዱ ታስራለች። ዝናሽ ከባሏ ጎን ቆማ ላሟን ታያለች። ግራዝማች ቢሻው አዲስ ገመድ በትከሻቸው ጥለው መጡ። ብርሌ በገመድ አይወሰድም፤ ግን ትልቅ ሰው የሚያስበውን ማን ያውቃል?

አንጓች አዲሱን ብርሌ ከጥጡ አወጣችና በሁለት እጇ አቀረበች።

«ጌታዬ፥ የእርስዎ ነቃብኝ። በምትኩ ይኼን አመጣሁ።»

ግራዝማች ተቀበሉ። አንገቱን አዩ፥ ሆዱን አዩ። ልዩነት የለውም። ገለበጡና ሥሩን አዩ። ከዚያ በጥፍራቸው መታ አደረጉት። ብርሌው ቂልልል! ብሎ ጮኸ።

«ይኼ የኔ አይደለም!» አሉ። «የኔው ሲመቱት አይጮኽም!»

«ተኝቶ እንዴት ይጮኻል ጌታዬ?» አለች አንጓች።

«ዝም በይ! ዳኛ፥ የኔ አይደለም። ላሟን ስጡኝ።»

ጭቃ ሹም ጓንጉል ጢማቸውን አሻሹ። ለፍርድ የሚቸኩሉ ሰው አይደሉም።

«ግራዝማች፥ ብርሌ ሁሉ ብርሌ ነው። የእርስዎ የሚታወቅበት ምልክት ነበረው?»

«ነበረው እንጂ!»

«እንግዲያው ይናገሩ። ማንም የማያውቀውን ምልክት የተናገረ ሰው፥ ባለቤቱ እሱ ነው። ምልክቱን ይንገሩኝና ላሟን ይንዱ።»

ግራዝማች አፋቸውን ከፈቱ። ዘጉት። ቦራን አዩ። ቦራም እንደ ልማዷ ግቷን አንጠልጥላ ቆማለች። የዝናሽ ዓይን እንባ ሞላ። ግራዝማች ከዚህ በላይ አልቻሉም።

«ከሥሩ ሰም አለው!» አሉ። «የአውራ ጣት ያህል ሰም! በገዛ እጄ ነው የለጠፍኩት! ከኔ በቀር የሚያውቀው የለም!»

አንጓች ነጠላዋን ፈታችና ስብርባሪውን ዘረገፈች። አተላ የመሰላት ነገር ከመሀሉ ዱብ አለ። ጭቃ ሹም አነሡት። አሸተቱት።

«ሰም ነው» አሉ። «ግራዝማች ረቱ። ብርሌው የእርስዎ ነበር።»

ግራዝማች ገመዱን ከትከሻቸው አወረዱ።

«አንዲት ነገር ብቻ» አሉ ጭቃ ሹም። «ሰሙን ምን ሊሆን ለጠፉት?»

«እንዳያፈስ ነዋ! ከነቃ በኋላ እንዴት . . .» አሉና ግራዝማች አፋቸውን በኩታቸው ያዙ።

ከኮሶው ሥር ያለ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ያ ሁሉ ዘመን በእግር ጣት ታልፏል። ስንት ውሻ አፉ ተይዟል። አንጓች ግን አሁንም አልገባትም። ግንባሯን ቋጥራ፥ ለማወቅ ብቻ ብላ፥ በትሕትና ጠየቀች፦

«ጌታዬ፥ ብርሌው ድሮውኑ ነቅቶ ከነበረ፥ ታዲያ ዶሮዬ ማንን እንዳይቀሰቅስ ነው የታረደው?»

ይኼን ጊዜ ሳቁ ፈነዳ። ባሻ ይርዳው ሆዳቸውን ይዘው ተቀመጡ። ዝናሽ ያጠራቀመችውን እንባ በሳቅ አፈሰሰችው። ውሾቹም ያን ሁሉ ዘመን የቋጠሩትን ጩኸት በአንድ ጊዜ ለቀቁት። ሁሉም እስኪበቃው ከሳቀ በኋላ ጭቃ ሹም ጓንጉል ፈረዱ፦

«መሐላው ‹እንደ ሰጠሁሽ› ነው። የተሰጣት የነቃ ብርሌ ነው። ጤነኛ ብትመልስማ መሐላዋን ታፈርሳለች፤ እኔም አልፈቅድላትም። አንጓች፥ ይኼን ጯኺ ብርሌ ወደ ቤትሽ አስገቢ። ግራዝማች፥ የእርስዎን የነቃ ከነሰሙ ይረከቡ። ዶሮዋን ደግሞ እንደ ወሰዱት ይመልሱላት።»

«ዶሮው እኮ . . .»

«እንደ ወሰዱት ነው ያልኩት። የሚጮኽ!»

ግራዝማች ከገዛ ቤታቸው ደረቱ የሰፋ አውራ ዶሮ አመጡ፤ ለካ የሳቸው ዶሮ ሲጮኽ ብርሌው አይሰማም ኖሯል። ከመድረሱ ጮኸ። ማንም አልከለከለውም። ከዚያም መልሱ ተበላ፥ ተጠጣ። አንጓች አዲሱን ብርሌ ጠጅ ሞላችና፥ ክፉ ነገር የማታውቅ ሴት ናትና፥ ቀድማ ለግራዝማች አቀረበች።

«ይጠጡ ጌታዬ። ይኼኛው እንቅልፍ የለውም።»

ግራዝማች መጀመሪያ ሥሩን አዩ። ከዚያ ጠጡ። በብርሌ ሲጠጡ በዕድሜያቸው የመጀመሪያቸው ነበር። ጣፈጣቸው መሰለኝ፥ ድገሚኝ አሉ።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ሙሽሮቹ ተነሡ። ያ አዲስ ገመድም አልባከነም፤ ዝናሽ ቦራን በሱ ሳበቻት። በግራዝማች ደጃፍ ሲያልፉም አጃቢው ሁሉ በተረከዙ እየረገጠ፥ እያጨበጨበ፥ እየዘፈነ አለፈ። ዶሮውም ያለ ሰዓቱ ጮኸ።

ተረቴን ሰጠኋችሁ። እናንተም እንደ ሰጠኋችሁ መልሱልኝ፤ ቢነቃባችሁ በሰም አትድፈኑት። አሁን በረቱን ክፈቱ፥ ላሟ ደኅና ናት። የኔን አፍ ግን እንዲሁ አታስተኙት፤ ከዳቦው ቁረሱና አብሱልኝ።